የትኬት ሶፍትዌሬን ከውጭ ሲስተም ጋር በምን ላገናኘው?

ጠያቂያችን የአገልግሎት ጥያቄዎችን የሚያስተናግዱበትን የትኬት ሶፍትዌር ከሁለት ነገር ጋር ማገናኘት ይፈልጋሉ፦ ከሰርቨር መቆጣጠሪያ ሲስተማቸውና ጥገና ከሚሠራላቸው የውጭ ድርጅት ሶፍትዌር ጋር። አንዱ ባልደረባቸው «ኢሜይል ይበቃል»፣ ሌላው «በቀጥታ ዳታቤዙ ላይ እንጻፍ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ሚድልዌር (መሃል ሆኖ ሲስተሞችን የሚያገናኝ ሶፍትዌር) እንግዛ» ብለዋቸዋል።

ዳታቤዙን ይተዉት። ትኬት በደንቡ ሲከፈት ሶፍትዌሩ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የጊዜ ገደቡን መቁጠር ይጀምራል፣ ለሚመለከተው ሰው ያሳውቃል። ሰንጠረዡ ላይ በቀጥታ ከጻፉ ይህ ሁሉ ይዘለላል፤ ትኬቱ አለ፣ ግን የሰማ የለም። ሶፍትዌሩ ሲሻሻል የሰንጠረዡ ቅርጽ ከተቀየረ ደግሞ ልፋትዎ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለሪፖርት ከዳታቤዙ ቅጂ ላይ ማንበብ ግን ችግር የለውም።

የመቆጣጠሪያው ሲስተም ቀላሉ ነው። ማንቂያው በኤፒአይ (ሶፍትዌሩ ለሌሎች ፕሮግራሞች ባዘጋጀው መግቢያ) ትኬት ይክፈት። ኢሜይልም ይሠራል፣ ነገር ግን አንድ ሰው የርዕሱን አጻጻፍ የቀየረ ቀን ሶፍትዌሩ ማንበብ ያቅተዋል፤ መድረሱንም የሚያረጋግጥልዎ የለም። የማንቂያውን መለያ ቁጥር አብረው ይላኩ፤ በዚያ ቁጥር ያልተዘጋ ትኬት ካለ አዲስ አይከፈት። አለበለዚያ አንድ የሞላ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ትኬት ሲከፍት ያድራል።

ጭንቁ ያለው ከውጭው ድርጅት ጋር ነው፤ ምክንያቱም ለውጡ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ኮድ ከመጻፍዎ በፊት እያንዳንዱ መስክ (ትኬቱ ላይ የሚሞላ ቦታ) የማን እንደሆነ ከእነሱ ጋር ተቀምጠው ይወስኑ። አጣዳፊነቱን እናንተ ትወስናላችሁ፣ የጥገናውን ደረጃ እነሱ፣ ትኬቱን የምትዘጉት እናንተ፤ እንዲህ ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። በአንድ ሥራዬ ይህን ሳልጨርስ አገናኘሁና የእኛ ሲስተም ኮሜንት ሲልክ የእነሱ እንደ አዲስ ቆጥሮ መለሰው፣ የእኛም መልሶ ላከው። ጠዋት ስንገባ ያው አንድ ኮሜንት ገጹን ሞልቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለግንኙነቱ ብቻ የሚሆን አካውንት እከፍታለሁ፤ በዚያ አካውንት የተደረገ ለውጥ ወደ መጣበት አይመለስም። የአንዱ ወገን ትኬት ቁጥርም በሌላው ላይ ይመዘገባል።

እነሱ ዌብሁክ (ለውጥ ሲኖር ሲስተማቸው ራሱ የሚልከው መልእክት) መላክ ከቻሉ ይቀበሉት፤ ካልቻሉ በየ5 ደቂቃው በኤፒአይ መጠየቅ ለአብዛኛው ጥገና ይበቃል። ዌብሁክ ሲደርስዎ መልእክቱን ወረፋ ውስጥ አስቀምጠው ወዲያው 200 («ደርሶኛል» የሚለውን ኮድ) ይመልሱ፣ ሥራውን ከዚያ በኋላ ይሥሩት። ሲያዘገዩት ላኪው ያልደረሰ መስሎት ሊደግመው ይችላል። መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ፣ ቅደም ተከተሉ ሊዛባ፣ ሰርቨርዎ ጠፍቶ ከነበረም ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ ሁለቱን ወገን የሚያመሳክር ፕሮግራም የግድ ነው። እርስዎ ሲልኩ 429 («ጥያቄ በዛብኝ») ወይም 503 («ለጊዜው አልችልም») የሚል ኮድ ከመጣ እረፍቱን እያስረዘሙ ይሞክሩ፤ 400 ከመጣ ግን ስህተቱ የላኩት ውስጥ ነውና መደጋገሙን ትተው ለሰው ያሳዩ።

ሚድልዌሩ ለሁለት ግንኙነት አሁን አያስፈልግዎትም። እርስ በርስ የሚነጋገሩ 5 ሲስተሞች ሲኖሩ ግንኙነቱ 10 ይደርሳል፤ ያኔ ይግዙት።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሙከራ ሲስተም ላይ ተቀባዩን ለአንድ ሰዓት ያጥፉትና 10 ትኬት ይክፈቱ። መልሰው ሲያበሩት አሥሩም፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ከደረሰ ይልቀቁት።