ሶፋውን መንገደኛ ይየው

ሰሞኑን አንድ ወጣት አርክቴክት ከኮምቦልቻ «ጋሼ፣ ደንበኛዬ የፈርኒቸር መሸጫ ሕንፃዬ ዙሪያውን ሰማያዊ መስታወት ይልበስልኝ ይላል፤ ምን ይመክሩኛል?» ብሎ ጻፈልኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ እኔ ገና በአርክቴክት ቢሮ ረዳት ሳለሁ፣ አንድ ፈርኒቸር ቤት ነበር። ከመሬት እስከ ሶሌታው፣ ማለትም እስከ ፎቁ የኮንክሪት ወለል፣ ጥርት ያለ መስታወት ነው። ኮለኖቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ስለቆሙ ግንባሩን የሚቆርጠው ነገር የለም። ደረጃው ከመንገድ ይታያል። መርገጫዎቹ የዋንዛ ጣውላ ናቸው፤ በመሃላቸው ብርሃን ያልፋል። ጉም ወርዶ መብራቱ ሲበራ ከሰኞ ገበያ የሚመለሰው ሁሉ ቆም ብሎ ወንበሮቹን ያይ ነበር፤ መግዛት ባያስብም። ባለቤቱ ሲያርፉ ልጆቻቸው ግንባሩን ከፋፍለው ትንንሽ ሱቅ ሊያደርጉት ፈለጉ። ሥራው እኔ ወደምሠራበት ቢሮ መጣ። ቢያንስ ማዕዘኑ እንዳለ ይቆይ ብዬ ለመንኩ፣ ነድፌም አሳየሁ። ኪራዩን በካሬ አስልተው አሳዩኝ፤ አለቀ። በብሎኬት ተደፈነ። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ያንገበግበኛል።

እስቲ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ፣ ኬምብሪጅ የተሠራውን፣ ዲዛይን ሪሰርች የተባለውን የቤት ዕቃ መደብር ሕንፃ ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። ቤንጃሚን ቶምፕሰን መደብሩንም የመሠረተ፣ ሕንፃውንም የነደፈ ሰው ነው። የኮንክሪት ሶሌታዎቹ ሳይሸፈኑ ይታያሉ። መስታወቱ ፍሬም የለውም፤ በትንንሽ ብረት ተይዞ ነው የቆመው። ግንባሩን ያሳመረው ውስጥ ያለው ዕቃ ራሱ ነው። ሰማያዊ መስታወት ግን ቀን ቀን የሚያሳየው ደመናውንና የቆመውን ባጃጅ ነው። ታዲያ ሶፋውን ማን ይየው?

የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ስትፈጥኑ እቀናባችኋለሁ። ቦታው ላይ ግን አትቆሙም። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ሂዱና ፀሐይዋ የት እንደምታርፍ እዩ።

መስታወት ሳሞግስ ቆይቼ ይህን ማለቴ ይገርማችሁ ይሆናል፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ከወረዳችሁ በኋላ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ደሴ ያማረው ሁሉ ኮምቦልቻ አይሆንም። የኔ ልጅ፣ ግንባርህ ወደ ምዕራብ ካየ ለጥላ ብለህ ሶሌታውን ከመስታወቱ ወደ ውጭ ማውጣት ብቻ አይበቃህም። የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው፤ የሶፋውን ጨርቅ ታነጣዋለች፣ ጣውላውን ትሰነጥቀዋለች። ቁም መከለያ ስራለት። ቦታው ከፈቀደልህ ደግሞ ትልቁን መስታወት ወደ ሰሜን አድርገው፣ ጥርት ያለውን። ደንበኛህ ሰማያዊውን የግድ ካለ ላይኛው ፎቅ ላይ ያልብሰው፤ ምድር ቤቱን ግን እንዳትለቅለት።