«ግሪፕ ልግዛ ወይ?» ላለችኝ ልጅ

ልጄ፣

ከወልድያ የላክሽው ጥያቄ አጭር ነው። «ጋሼ፣ ካሜራዬ ትንሽ ስለሆነ ሠርግ ቤት ሰው አያምነኝም። ያለኝን ብር ግሪፕ ልግዛበት ወይስ ጃኬትና ጫማ?» ግሪፕ ማለት ካሜራው ሥር የሚገጠመው፣ ባትሪ የሚይዘው እጀታ ነው። በሁለት መስመር ልመልስልሽ ጀምሬ ተውኩት። ጥያቄሽ ጥር 2011 ደሴ ላይ ወደነበረ አንድ ሠርግ መለሰኝ፤ እሱን ሳላነሳ የምሰጥሽ መልስ ግማሽ ነው የሚሆነው። መቼም ይህን ደብዳቤ ከአንቺ ሌላ የሚያነቡት ወጣቶችም አይጠፉም።

ያን ጊዜ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር። ቆጥቦ ቆጥቦ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ገዛ። ካሜራው ከነባትሪው 650 ግራም ነው፤ የገጠመለት 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ 300 ግራም እንኳ አይሞላም። ከሩቅ ላየው ሰው ለሽርሽር ሐይቅ የወረደ እንግዳ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ዓይነት ነች። ውስጡ ግን 693 የፎከስ ነጥብ (ካሜራው ምስሉን የሚያጠራባቸው ቦታዎች)፣ የሰው ዓይን ፈልጎ የሚይዝ ፎከስ፣ ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው። ልጁ ደግሞ ቁልፎቹን ሳያይ በጣቱ ነበር የሚያገኛቸው።

በዚያ ሠርግ ከውጭ የመጣ የሙሽራዋ አጎት ነጩን የካነን 70–200 ረጅም ሌንስ በካሜራው ላይ ገጥሞ ከነግሪፑ አንግቶ ግቢውን ይዞረዋል። እንግዳው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል፤ ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ለእሱ ነው የሚቆሙት። የሙሽራዋ አባት ጠጋ ብለው «ይሄ ልጅ በዚች ነው የሚያነሳን? እንግዳ የያዘው እኮ ይበልጣታል» አሉኝ። የተቆጡ አልነበሩም፤ ሰግተው ነው። የልጃቸው ሠርግ ነው፤ አይደገምም።

«አብሽሩ፣ ልጁ ሥራውን ያውቃል» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከመኪናው የድሮውን ካነን 5ዲ ማርክ 2 ካሜራ ከነግሪፑና ከራሴ 70–200 ጋር አውጥቼ ልጁ አንገት ላይ አንጠለጠልኩት፤ ሶኒው ቦርሳ ውስጥ ገባ። የሰጠሁት ዕቃ ሁሉም ተደምሮ ከ2 ኪሎ ተኩል ያልፋል። አባትየው በሩቁ ዓይተው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

እስኪ ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙያችን ቋንቋ ልንገርሽ። 5ዲ ማርክ 2 በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የወጣ ካሜራ ነው። በቀን ብርሃን ዛሬም አያሳፍርም። ዘጠኝ የፎከስ ነጥብ አለው፤ ከነሱ ውስጥ በድንግዝግዝ የሚታመነው የመሐሉ ብቻ ነው፣ የዳር ዳሩ ሌንሱን ወዲያ ወዲህ እያስኬዱ ሲፈልጉ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ሲመሽ ሁላችንም ድንኳን ገባን። ጣሪያው ቀይና አረንጓዴ ሸራ፣ መብራቱ በጄኔሬተር የሚሠራ አምፖል። ልጁ ፍላሹን እንደለመደው ወደ ጣሪያ ሲያዞረው ብርሃኑ የሸራውን ቀለም ይዞ ተመለሰና የሙሽራዋ ግንባር አረንጓዴ ሆነ። ፍላሹን አጠፋው። አሁን ሌንሱ በ200 ሚሊ ሲይዝ ሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው መዝጊያ፣ ፍጥነቱ ከ1/200 ሴኮንድ ባይወርድ ነው የሚሻለው፤ ለእስክስታ ደግሞ እሱም አይበቃም፣ ትከሻ እንዳይደበዝዝ ቢያንስ 1/250 ይፈልጋል። ብርሃኑ የሰጠው 1/60 ነው። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 ላይ ሰቀለው፤ ጥላው ሁሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መሰለ። በመሐሉ ነጥብ ዓይኗ ላይ ፎከስ አድርጎ ክፈፉን ለማስተካከል ካሜራውን ዘወር ሲያደርገው ደግሞ፣ በኤፍ 2.8፣ የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ሲከፈት፣ የጠራው ስፍራ ጠባብ ስለሆነ ጆሮዋ ጠርቶ ዓይኗ ደበዘዘ።

ቦርሳው ውስጥ የተኛችው ሶኒ ከሸራው ቀለም በቀር የዚህን አብዛኛውን ጣጣ አታውቀውም ነበር።

አባትየው ቀሪውን ክፍያ ሳይከራከሩ ከፍለው «ካሜራ ማለት እንዲህ ነው» ብለው መርቀውን ሄዱ። ይሄ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ፤ የዓይን ፍርዳቸው ተሟልቷል። ሙሽራዋ ግን አልበሙን ልትወስድ ስትመጣ ገጹን ስትገልጥ ቆየችና «የማታዎቹ ለምን እንዲህ ሆኑ?» አለች። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ አንድም ነገር አልተናገረም። ፋሲካ ሳይደርስ ሥራውን ለቀቀ።

አባትየውን አልፈርድባቸውም። ሰው የሚመዝነው በሚያውቀው ነው። ባቲ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ካሜራ ግን የሚገለጥ ጥርስ የለውም። ስለዚህ መጠኑን ያያል፣ የያዘውን ሰው ልብስ ያያል፣ አያያዙን ያያል። የእኛ ሥራ ጥርሱን ገልጦ ማሳየት ነው። እንዴት አትይኝም?

ሠርግ ቤት እንደደረስሽ፣ በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ውስጥ የቤቱን ታላቅ ሰው ለብቻቸው አንሺ። ቃሉ የሚሰማውን ማለቴ ነው፤ አባትየው ካልሆኑ አያትየው፣ አለዚያም ታላቅ እህት። በር አጠገብ አስቀምጪያቸው፤ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይምጣ፣ ከጀርባቸው ያለው ቤት ጨለም ይበል። ባንቺ ሶኒ ኤ6400 ላይ፣ ብርሃን መቀበያው አነስ ስለሚል፣ 50 ሚሊ ሌንስ እንደ 75 ነው የሚሠራው፤ ለፊት ጥሩ ነው። ኤፍ 2.8፣ ፎከስ በር በኩል ባለው ዓይን ላይ። ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሰው ክፈፉ ነጭ ከሞላው ካሜራው ተታሎ ፊታቸውን ያጠቁርብሻል፤ የብርሃን ማካካሻውን ወደ ፕላስ 1 ከፍ አድርጊው። ሁለት ፎቶ ይበቃል። ከዚያ ዓይናቸው ድረስ አጉልተሽ አሳዪያቸው። ሽፋሽፍታቸውንና የጋቢያቸውን ጥለት ክር ለክር ያዩ ሽማግሌ ስለ ካሜራሽ ቁመት አይጠይቁም፤ እንዲያውም «ነይ እሷንም አንሽያት» እያሉ በየክፍሉ የሚያዞሩሽ እሳቸው ይሆናሉ።

ወደ ግሪፑ ልምጣ። ግሪፕ የሚገዛው ሁለተኛ ባትሪ ስለሚይዝና ካሜራውን ወደ ቁም ሲያዞሩት የእጅ አንጓ ስለማያጥፍ ነው። ሶኒ ለኤ6400 ግሪፕ አልሠራለትም፤ የሚሸጥልሽ የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ብዙዎቹም ከካሜራው ጎን በምትሰካ ቀጭን ሽቦ ነው የሚሠሩት። ያቺ ሽቦ ከነጠላ ጥለት ጋር ስትያያዝ መጀመሪያ የምትላላው መሰኪያዋ ነች። ብሩን ለባትሪ አውይው። ያንቺ ባትሪ በፋብሪካው ልክ 400 ፎቶ ገደማ ነው፤ ለሠርግ አራት ያስፈልግሻል፣ የደሴ ብርድ ደግሞ ቶሎ ያደክመዋልና ትርፉን በውስጥ ኪስሽ ያዥ። ካሜራሽ የካርድ ማስገቢያው አንድ ብቻ ስለሆነ ሙሉ ቀኑን በአንድ ካርድ አትሥሪ። ኒካሁ ወይም ተክሊሉ እንዳለቀ ካርዱን ቀይሪና የሞላውን በሚዘጋ ኪስ ክተቺው።

ትልቅ መስሎ መታየት ካማረሽ ርካሹ መንገድ ሁድ ነው፤ ያ ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠልቀው ጥቁር ፕላስቲክ። ሌንሱን ያረዝመዋል፤ ከጎን የሚመጣ ፀሐይ ፎቶውን እንዳያነጣው ይከላከላል፤ ሰው በክርኑ ሲገጭሽም የሚጫረው እሱ ነው። ግን ገልብጠሽ ሰክተሽው እንዳትዞሪ! የዛሬ ልጆች ግማሾቹ ከሱቅ እንደወጣ ተገልብጦ እንደተሰካ ነው ዓመቱን የሚጨርሱት፤ ጌጥ ነው እንዴ? የካሜራውን ስም በጥቁር ፕላስተር የመሸፈን ፋሽንም አለ። አዲስ አበባ ምን እንደሚባል እንጃ፣ እኛ ዘንድ «ተሰብሮ ነው የታሰረው?» ነው የሚያሰኘው። ሌንስ በሸሚዝ ጫፍ መጥረግም እንዲሁ ነው፤ አቧራው መስታወቱን ይጭረዋል፣ ያየሽ ደንበኛም ሌላውን ዕቃሽን እንዴት እንደምትይዢ ከዚያ ይገምታል። በመንፊያ አቧራውን አራግፈሽ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ።

ድምፅም ይታያል ብልሽ አትሳቂ። ድምፅ የሌለውን ሸተር ቤተ ክርስቲያንና ዱዓ ላይ ተጠቀሚበት። ውጭ ግን ሽማግሌዎቹ «ቀጭ» ካልሰሙ ትንፋሻቸውን ውጠው እንደቆሙ ይቀራሉ፤ ድምፁን መልሺው። ድምፅ አልባው ሸተር ሌላም ጣጣ አለው፤ መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ፎቶው ላይም አግድም ሰንበር ያሰምርብሻል። ያኔ ወደ መደበኛው ሸተር ተመለሺ፣ ፍጥነቱንም 1/50 ወይም 1/100 አድርጊው።

ከደሴ ብርድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ካሜራ መምዘዝ፣ ወይም ከውጭ ብርድ የወጥ እንፋሎት የሞላው ድንኳን መግባት፣ ሌንሱን በጉም ይሸፍነዋል። ቦርሳውን ሳትከፍቺ ግማሽ ሰዓት አቆዪው። ሙሽራ በር ላይ ቆማ ሌንስ የሚጠራርግ ባለሙያ የአንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ ቢይዝም አያምርበትም።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፤ ንጹሕ ሁኚ፣ በሰዓቱ ድረሺ የሚለውን እናትሽ ነግራሻለች። ስለ ጥቁር ግን ልናገር። ከከተማ የሚመጡት ባለሙያዎች ከላይ እስከ ታች ጥቁር ይለብሳሉ። ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ ጥቁር ብርሃን አይመልስም፣ በመስታወትና በመነጽር ላይ አይታይም። ቀይ ወይም አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰሽ ወደ ሙሽራ ፊት ብትጠጊ ቀለሙ ጉንጯ ላይ ያርፋል። ግን ወሎ ውስጥ ከራስ እስከ እግር ጥቁር የለበሰችን ልጅ ያዩ እናት መጀመሪያ የሚያስቡት «ማን ሞቶባት ይሆን?» ነው፤ በሠርግ ቀን ይህን ማሰብ ደግሞ አይወዱም። ጥቁር ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ልበሺ፤ ለብርሃኑም ለሰዉም ይስማማል። ኪሱ የበዛ ጃኬት እርሺው፤ ኬላ ላይ ጋዜጠኛ ነሽ ብለው ያቆሙሻል።

እኛ አገር አንድ ሠርግ ላይ ሼኹም ቄሱም ሊገኙ ይችላሉ፤ በሁለቱም ደጅ ጫማ ይወልቃል። ማሰሪያ የሌለው፣ ተረከዙን ረግጠሽ የምታወልቂው ጫማ ግዢ፤ አንቺ ክር ስትፈቺ ሙሽሮቹ ገብተው አልቀዋል። ካልሲሽ ቀዳዳ እንዳይኖረው ደግሞ አደራ። ስትንበረከኪ ጀርባሽን የማይገልጥ ረጅም ሸሚዝ፣ አንገትሽ ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ነጣ ያለ ሻሽ ይኑር፤ እንደ ቦታው ራስሽን ትሸፍኚበታለሽ፣ ሲቸግርም መስኮት አጠገብ ዘርግተሽ ብርሃን ወደ ፊት ትመልሺበታለሽ። ሴት መሆንሽ ደግሞ ወንዶቹ ባልደረቦችሽ በምንም ዕቃ የማይገዙት ነገር ነው፤ የሴቶቹ ክፍል ይከፈትልሻል። እዚያ ግን ሳታስፈቅጂ ካሜራ አታንሺ፣ ፎቶውንም ለማስታወቂያ አትለጥፊ።

ወንዶቹ ይህን ካነበባችሁት፦ ኮፍያችሁን ሽማግሌ ፊት አውልቁ። የጆሮ ማዳመጫውንም። ካሜራችሁን በስልክ የምታዝዙ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አለዚያ ባለሠርጉ ፌስቡክ ላይ ያላችሁ ነው የሚመስለው።

ድሮ ደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ስትገቢ ከመጋረጃው ጀርባ ኮት፣ ክራባትና ማበጠሪያ ተሰቅሎ ይጠብቅሽ ነበር። ኮቱ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ለቀጭን ሰው ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ይጠበባል፣ ከፊት ሲታይ ልክ ነው። አንሺውም እንደዚያው ኮት ለብሶ ነው የሚያነሳው። ለማስመሰል ነበር? በከፊል አዎ። ያነሱት ጉርድ ፎቶ ግን ዛሬም ፊቱ ጥርት እንዳለ ነው።

ደግሞ መጠን ከንቱ ነው ብዬሽ ብቻ እንዳልዋሽ። እኔ ራሴ ዛሬም ሠርግ ቤት ስገባ ሁለት ካሜራ በግራና በቀኝ አንግቼ ነው የምገባው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ቢበላሽ ነው ብዬ እናገራለሁ፤ እውነትም ነው። ግን በር ላይ ያሉት ሰዎች ዓይተው መንገድ ሲለቁልኝ ደስ አይለኝም አልልም።

ስለዚህ የብርሽ አከፋፈል፦ መጀመሪያ ባትሪዎቹና ካርዶቹ፣ ቀጥሎ ሁዱ፣ ቀጥሎ ጫማው። ከተረፈሽ ከሥራዎችሽ የተሻሉትን አሥሩን በ20 በ30 ሳንቲ ሜትር አሳትመሽ ደንበኛ ስታነጋግሪ ይዘሻቸው ሂጂ፤ በስልክ የታየ ፎቶ በጣት ተገፍቶ ያልፋል፣ የታተመውን ግን እናቶች እጃቸውን ጠርገው ነው የሚቀበሉት።

ያ የ2011ዱ ግሪፕ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ጎማው ላልቶ እጅ ላይ መጣበቅ ጀምሯል። ደሴ ስትመጪ ልሰጥሽ እችል ነበር፤ ግን ላንቺ ካሜራ አይገጥምም።