«ዘግይቶ መጣ» ብለን ስንጽፍ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ባለፈው ወር በጠዋት ስብሰባችን ላይ አንድ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ በአንጀት መዘጋት ሌሊቱን ስለ ሞተ በሽተኛ አቀረበ። ታሪኩን ሲጨርስ፣ ሁላችንም ለብዙ ዘመን እንደምናደርገው፣ የሞቱን ምክንያት «ዘግይቶ በመምጣቱ» በሚል ሐረግ ዘጋው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ኢንተርን፣ በተግባር ልምምድ ላይ ያለች ተማሪ፣ እጇን አወጣችና «ዘግይቶ መጣ ስንል ሰዓቱን መቁጠር የምንጀምረው ከየት ነው?» ብላ ጠየቀች። ስብሰባውን የምመራው እኔ ስለ ነበርሁ «ሕመሙ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ነው» ብዬ መለስሁና ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፍን። መልሱ ጎደሎ መሆኑን ከአፌ ሲወጣ አውቄዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያን ዕለት ያስቀረሁትን ለእርሷና ለእኩዮቿ ለመንገር ነው።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ነው። የማታ ተረኛ ሆኜ ሳለ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ አርባ ዓመት የሚሆነው ገበሬ በቃሬዛ ተይዞ ገባ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ታላቅ ወንድሙ እንደ ነገረኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ቁርጠት መስሏቸው ፌጦ ሰጥተውታል፤ በሁለተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወስደው መርፌ አስወግተውታል፤ በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ጎረምሶች እየተፈራረቁ ተሸክመው ከመኪና መንገድ አድርሰውት፣ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ አስተኝተው አምጥተውታል። ራጅ ሲነሣ ሆዱን የሞላው የተነፋ አንጀት፣ መምህሮቻችን እንዳስተማሩን፣ የቡና ፍሬ መስሎ ታየ። በደጋው አገራችን ገበሬዎች ላይ ዘወትር የምናየው የሲግሞይድ ቮልቩሉስ ነበር፤ ረዥሙ የደንዳኔ ክፍል በጠባቡ ሥሩ ላይ ዞሮ ራሱን ያንቃል፣ ከዚያም የደም ሥሮቹን ያንቃል።

የሚደረገውን አውቅ ነበር። በፊንጢጣ በኩል መሣሪያውን አስገብቼ ቱቦውን ስገፋው አየሩና ፈሳሹ በኃይል ወጣ፣ ሆዱ ረገበ፣ ሰውየውም ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ዘረጋ። በዚያ ሰዓት የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ከእኔ ጋር የነበረችው ሲስተር ግን ፈሳሹ የተጠራቀመበትን ሳህን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችውና «ዶክተር፣ ይህ ደም አለበት፤ ሲኒየሩን አይጠሯቸውም?» አለችኝ። ልክ ነበረች። በሕይወት ያለ አንጀት እንዲህ ያለ ፈሳሽ አያወጣም፤ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ከታየ አንጀቱ መሞት ጀምሯል ተብሎ ይታሰባል፣ በሽተኛውም ሳይውል ሳያድር ይከፈታል። ይህን ከእርሷ በላይ እኔ አንብቤዋለሁ።

ስልኩ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የሲኒየሬ፣ የበላይ ሐኪሜ፣ ቤት በመኪና ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ከሳምንት በፊት በሌሊት ጠርቻቸው በሽተኛው ምንም ሳይሆን ስለ ተገኘ፣ በማግሥቱ በጓደኞቼ ፊት ገሥጸውኝ ነበር፤ ያ ቁጣ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ስለዚህ ለራሴ ምክንያት ደረደርሁ፦ ሆዱ ረግቧል፣ ሕመሙ ቀንሷል፣ ደሙ ቱቦው የፋቀው ይሆናል፣ ንጋቱም ሩቅ አይደለም። በካርዱ ላይ «ብዙ አየርና ፈሳሽ ወጣ» ብዬ ጻፍሁ፤ የፈሳሹን ቀለም አልጻፍሁም። ከክፍሉ ስወጣ ወንድሙ በኮሪደሩ ቆሞ ነበር። «ዶክተር፣ ደርሰናል?» አለኝ። «ደርሳችኋል» አልሁት። እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልሁት።

ሲነጋ የልብ ምቱ ፈጥኖ፣ ሆዱ እንደ ሰሌዳ ደርቆ አገኘሁት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሲከፈት አንጀቱ ጠቁሯል፣ መርዙም በሰውነቱ ተሰራጭቷል። የሞተውን ክፍል ቆርጠን አውጥተን ጫፉን በሆዱ ቆዳ ላይ አወጣነው፤ በማግሥቱ ሌሊት ሞተ። ቱቦውን ካስገባሁበት እስከ ተከፈተበት ድረስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። በሳምንቱ በሞቱት በሽተኞች ላይ በምንወያይበት ስብሰባ ቆሜ «ሕመሙ ከጀመረው ከሦስት ቀን በኋላ ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ» ብዬ አቀረብሁ። ማንም ጥያቄ አላነሣም። ስለ ሳህኑ አልተናገርሁም፤ ሲስተሯም በዚያ ስብሰባ አትጋበዝም ነበር።

ልጆቼ፣ ይህ ሐረግ የሚያስፈራኝ ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። በአገራችን በሽተኛ በእርግጥ ይዘገያል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘቡ የለም፣ በሬው እስኪሸጥ ይጠበቃል። እውነቱ ሰፊ ስለሆነ የእኛ ሰዓታት በውስጡ ገብተው ይሰወራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእናቶች ስለ ሦስቱ መዘግየቶች ሲያስተምሩ ሰምታችኋል፦ ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከዚያም ከጤና ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት የሚደርሱ መዘግየቶች ናቸው። አሳቡ በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ ወላድ እናቶች ሞት በታተመ ጽሑፍ የቀረበ ነው። እኛ ሐኪሞች ሁለቱን በቃላችን እንወጣቸዋለን፤ በሦስተኛው ላይ ድምፃችን ዝቅ ይላል።

ያች ሲስተር በኪሷ ትንሽ ደብተር ትይዝ ነበር። በሽተኛው ስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ ስንት ሰዓት ሐኪም እንዳየው፣ ስንት ሰዓት ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እንደ ሄደ ለራሷ ትጽፋለች። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አላነበበላትም። ዛሬ ተረኛ ስትሆኑ እነዚያን ሦስት ሰዓታት በካርዱ ላይ ጻፉ፤ የፈሳሹንም ቀለም ጻፉ። ከዚህ ሌላ ስለ ንባብ፣ ስለ ትጋት፣ ስለ እጅ መታጠብ የምመክራችሁ የለኝም፤ ታውቁታላችሁ።

ስለ እናንተ ትውልድ የምወቅሰው ነገር አለ። በሽተኛውን በእጃችሁ ሳትዳስሱ ራጁን በስልክ አንሥታችሁ በቴሌግራም ለሲኒየር ትልካላችሁ፤ ሆድ ግን በፎቶ አይዳሰስም። አንዳንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ስትቀሰቅሱኝ «እኛ በዘመናችን ራሳችን እንወስን ነበር» ብዬ እናገራለሁ። ይህን ስናገር ግን ያ ገበሬ ይታወሰኛል፤ ራሴ ወስኜ ነበርና። ስለዚህ ወቀሳዬን እንደ ያዝሁ እላችኋለሁ፦ ዳስሱ፣ ከዚያም ደውሉ፤ ብቆጣም ደውሉ። የሚቆጣ ሲኒየር ስንት ሰው እንደሚያስገድል ሲኒየር ከሆንሁ በኋላ ነው የገባኝ፣ እኔም አልፎ አልፎ ተቆጥቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ከተሞች ሆስፒታሎች ሲሞከር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ100 ሰው 1.5 የነበሩት ወደ 0.8 ወርደዋል። ከነጥቦቹ አንዱ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያለው ሁሉ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ይጠይቃል። ብዙዎቻችሁ ይህን በችኮላ ስትዘሉት አያለሁ። እኔ ግን ስሙን የተናገረ ሰው ቀጥሎ «ይህ ደም ነው» ለማለት እንደሚቀለው፣ ሰሚውም ዝም ብሎ ለማለፍ እንደሚከብደው አምናለሁ። ያን ሌሊት የሲስተሯን ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

ሬሳው ሲወጣ ወንድሙ መዝገቡ ላይ ፈርሞ፣ የራሱን ጋቢ አውልቆ አለበሰው። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ «እኛ ነን የገደልነው፤ ያን ሁለት ቀን በፌጦና በመርፌ ይዘን ባንቆይ ኖሮ» አለኝ። እጄን በትከሻው ላይ አድርጌ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልሁት። ከሁለቱ ቀን በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል እንደ ነበረ፣ እርሱም የእኔ እንደ ነበረ አልነገርሁትም። መኪናው ከግቢው እስኪወጣ ድረስ ጊዜ ነበረኝ።