ብሬስ ሲፈታ ቋሚ ሽቦ ወይስ የሚወልቅ ሪቴይነር? ሁለቱንም ከሞከረ ሰው የተሰጠ መልስ

ጠያቂዋ እህታችን፣ ጥርስ ለማስተካከል የታሰረልዎ ብሬስ ሊፈታ ሦስት ሳምንት እንደቀረው፣ ሐኪምዎ ለታችኛው የፊት ጥርስ በውስጥ በኩል የሚጣበቅ ቋሚ ሽቦ፣ ለላይኛው ደግሞ ማታ ማታ የሚደረግ ግልጽ ፕላስቲክ እንዳዘዙልዎ፣ እርስዎ ግን ሥራ ስለሚበዛብዎትና ስለሚረሱ ሁለቱም ቋሚ ቢሆኑ እንደሚመርጡ ጽፈዋል። ከሕክምናው በፊት ከላይ ፍንጭት እንደነበረዎትም ጠቅሰዋል። እኔ ሐኪም ሳልሆን ፒያሳ አካባቢ የምሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ብሬሴ ከተፈታ ስድስት ዓመት ያለፈው ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ሁለቱንም ዓይነት ሪቴይነር (ብሬስ ከተፈታ በኋላ ጥርስ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ የሚይዘውን) ተጠቅሜ ከሁለቱም ጋር ስለተቸገርኩ፣ ያየሁትንና በየጊዜው ለሐኪሞች ባቀረብኩት ጥያቄ የተረዳሁትን እጽፍልዎታለሁ።

«እረሳለሁ» የሚለው ምክንያትዎ ቋሚ ሽቦ ለመምረጥ በቂ መስሎ ይታያል፤ እኔም ያኔ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ዛሬ ግን የምጠይቀው የትኛው ምቹ እንደሆነ ሳይሆን፣ የትኛው ሲበላሽ ቶሎ እንደሚታወቅ ነው። የሚወልቀው ሪቴይነር ሲጠፋ ወይም ሲሰነጠቅ የዚያኑ ቀን ያውቁታል። ቋሚው ግን ከአንድ ጥርስ ላይ ተላቆ በሌሎቹ እንደተያዘ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እርስዎ ጥርስዎ የተጠበቀ መስሎዎት ተዘናግተው ይቀመጣሉ።

የእኔን ልንገርዎ። ከታች ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ስድስት ጥርስ ላይ የተጣበቀ ቀጭን ሽቦ ነበረኝ። በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ቆሎ ስቆረጥም አንድ ነገር ቀጭ አለ። ጠጠር የነከስኩ መስሎኝ ምላሴን በሽቦው ላይ ደጋግሜ አስኬድኩት፤ የሚወጋም ሆነ የጎደለ ነገር ስላላገኘሁ ቆሎዬን ጨርሼ ወረድኩ። ለካስ ማጣበቂያው ከጥርሱ ላይ ቢላቀቅም ከሽቦው ጋር ተጣብቆ እንደ ቀድሞው እብጥ ብሎ ስለቀረ፣ ምላሴ ልዩነቱን ሊያውቅ አልቻለም። በየስድስት ወሩ ለክትትል እንድመጣ ተነግሮኝ ሳለ እኔ ዓመት ከመንፈቅ አልሄድኩም ነበር። በመጨረሻ ስሄድ ሐኪሟ ጥርሱን በአየር አድርቃ በቀጭን መሣሪያ ነካ ስታደርገው ማጣበቂያው ብቻውን ተንቀሳቀሰ። ከቀኝ ክራንቻዬ አጠገብ ያለው ጥርስም ወደ ምላሴ ጋደል ብሎ ተገኘ። ሽቦውን እንደገና ማጣበቅ የጋደለውን እንደጋደለ መያዝ እንጂ ወደ ቦታው መመለስ አይደለም፤ ለመመለስ እንደገና ለጥቂት ወራት ብሬስ ማሰር ያስፈልግ ነበርና እኔ ትቼዋለሁ። ጥርሱ እስከ ዛሬ ጋደል እንዳለ ነው።

በሚወልቀውም ቢሆን የደረሰብኝን አልደብቅዎትም። አንድ እሑድ ካዛንቺስ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። ፕላስቲኩ ትኩስ ነገር ሲነካው ስለሚጣመምና ቡናም ስለሚያቀልመው፣ ገና አቦል ሲቀዳ አውልቄ በሶፍት ጠቅልዬ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። በረካ ተጠጥቶ ቄጠማው ሲጠረግ ሶፍቱም አብሮ ተጠረገ። የቆሻሻ ከረጢቱን ብንፈትሽም አላገኘነውም። ገንዘቡ አሳዝኖኛል፤ ነገር ግን መጥፋቱን በዚያው ምሽት ስላወቅሁ በማግስቱ ደውዬ፣ ልኬት ተወስዶልኝ፣ በሳምንቱ ሌላ ተሠራልኝ፤ ጥርሴም አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ምንም ይጠጡ ምን፣ ሲያወልቁት ወደ ጠንካራ ማስቀመጫው እንጂ ወደ ሶፍት እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በአጭሩ ልግለጽ። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም፤ በጥቃቅን ጅማቶች ተይዞ የሚኖር ነው። ብሬሱ ከተፈታ በኋላ ሥሩን የሚይዙት ጅማቶች ለመስተካከል ከሦስት እስከ አራት ወር፣ ድድ ውስጥ ያሉት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅባቸዋል፤ በጥርሱ አንገት ዙሪያ ያሉት ተለጣጭ ጅማቶች ግን እስከ አንድ ዓመት ድረስ ጥርሱን ወደ ነበረበት ሊጎትቱት ይችላሉ። ከዓመት በኋላም ነገሩ አያበቃም፤ ብሬስ አድርጎ የማያውቅ ሰው እንኳ ዕድሜው ሲገፋ የታችኛው የፊት ጥርሱ እየተጣበበ ይሄዳል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ጥርስ ተነቅሎላቸው ከታከሙ 65 ሰዎች መካከል ሪቴይነር ካቆሙ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆናቸው ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ የታችኛው የፊት ጥርሳቸው አሰላለፍ አጥጋቢ ሆኖ አልተገኘም። «ለስንት ጊዜ ላድርገው?» ለሚለው ጥያቄዎ እንግዲህ መልሴ ጥርሱ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለጉ ድረስ የሚል ነው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። የሐኪምዎ ሐሳብ ለእኔ ትክክል ይመስለኛል። ከታች ቋሚ ይሁን፤ ነገር ግን ሽቦው በሁለቱ ክራንቻዎች ላይ ብቻ ነው የሚጣበቀው ወይስ በስድስቱም ላይ የሚለውን ይጠይቁ። በክራንቻዎቹ ብቻ የሚጣበቀው ወፈር ያለ ሲሆን፣ አንዱ ጫፍ ሲላቀቅ ሽቦው ስለሚወዛወዝ ወዲያው ይታወቅዎታል፤ መሀል ያሉትን አራቱን ጥርሶች ግን ጠበቅ አድርጎ አይዝም። በስድስቱም ላይ የሚጣበቀው ከቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ሲሆን እያንዳንዱን ጥርስ ይይዛል፤ ሲላቀቅ ግን እንደ እኔው ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የእርስዎ የታችኛው ጥርስ በጣም ተዛውሮ ወይም ተጠማዝዞ ከነበረ፣ ሁለተኛው በክትትል ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

የላይኛው ግን ሌላ ነው። ሲነክሱ የታችኛው ጥርስ ጫፍ በላይኛው የውስጥ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ፣ በተለይ የላይኛው የታችኛውን በብዛት የሚሸፍን ከሆነ፣ እዚያ የተጣበቀ ሽቦ በየጉርሻው እየተመታ ቶሎ ይላቀቃል። ሐኪምዎ ፕላስቲክ ያሉት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም የተዘጋ ፍንጭት በቀላሉ ተመልሶ ከሚከፈቱት ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ በሁለቱ መሀለኛ ጥርሶች ላይ ብቻ አጭር ሽቦ ተጣብቆ፣ ማታ ደግሞ ከላዩ ፕላስቲኩ ቢደረግስ ብለው ይጠይቁ። (በእኔ እናት ዓይን ፍንጭት የውበት ምልክት ነውና እርስዎ መዝጋትዎን ብትሰማ ታዝን ነበር፤ እሱ ግን የእርስዎ ጉዳይ ነው።) ሽቦም ቢኖር የማታውን ፕላስቲክ አይተዉት፤ የእኔ ጥርስ የጋደለው ከታች ፕላስቲክ ስላልነበረኝ ጭምር ነው። አንድ ሌሊት ፕላስቲኩ አልገባ ካለዎት ወይም አንድ ጥርስ ላይ ከተጫነዎት፣ ሽቦው ሳይነግርዎት የቀረውን እሱ ነገረዎት ማለት ነው።

ሽቦው በሁሉም ላይ እንደተጣበቀ ሆኖም ጥርስ ሊያዞር እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሲጣበቅ በጥርሶቹ ላይ ሳይወጠር ማረፍ አለበት፤ በትንሹም ተጣምሞ ወይም ተወጥሮ ከተያዘ ራሱ ይገፋል። ለዚህ ብሬሱ በተፈታበት ቀን የጥርስዎን ልኬት ወይም ዲጂታል ምስል ቅጂ ይጠይቁ። እኔ በየወሩ በልደታ ቀን፣ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቆሜ የታችኛውን ጥርሴን በስልኬ አነሣዋለሁ፤ ወሩ የገባበት ቀን ስለሆነ አይረሳኝም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያኔ ባደርገው ኖሮ መጋደሉን በሁለተኛው ወር አየው ነበር።

ጽዳቱን በተመለከተ፣ የምራቅ ቱቦዎች ከምላስ ሥር ስለሚከፈቱ ታርታር (ጥርስ ላይ ደርቆ የሚደነድን ቆሻሻ) በብዛት የሚጠራቀመው በታችኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ነው፤ ሽቦው ያለውም በትክክል እዚያው ነው። ተራው የጥርስ ክር ሽቦው ስለሚከለክለው ከላይ ሊገባ አይችልም፤ ጫፉ ደረቅ የሆነውን ዓይነት ወይም በመርፌ መሰል ፕላስቲክ የሚሾለከውን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ከሽቦው በታች ያሳልፉ። መጀመሪያ ላይ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ሲለምዱት አምስት ደቂቃ አይሞላም። መፋቂያ የሚያዘወትሩ ከሆነ የፊቱን ገጽ ብቻ ይፋቁበት፤ እንጨቱን በፊት ጥርስ ማኘክ ግን ይቅር። ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና በክረምት የሚጠበሰውን በቆሎ እሸት በጎን ጥርስ ይብሉ፤ በቆሎውን ፈልፍሎ መብላት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ጥሬ ሥጋም በቢላ ተቆርጦ እንጂ በፊት ጥርስ ተጎትቶ አይበላ።

ኤምአርአይ ስለጠየቁት፣ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ምርመራውን አይከለክልም፤ በአፍና በፊት አካባቢ ምስሉን ሊያደበዝዝ ስለሚችል ግን አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ።

ለቀጠሮው ሲሄዱ የላይኛው ጥርስዎ የታችኛውን ምን ያህል እንደሚሸፍን ሐኪምዎን ይጠይቁና መልሱን እዚህ ይጻፉልን፤ ስለ አጭሩ ሽቦ ያልኩት በዚያ ላይ ስለሚወሰን፣ ብዙ የሚሸፍን ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ።