«እኔ አበላዋለሁ፣ እሱ ጥርሱን ያሳየኛል»

እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ።

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የሰው ችግር ሞልቶ የውሻ ነገር ይዛ መጣች እንዳይሉኝ ፈርቼ ብዙ ቆየሁ። አሁን ግን በቃኝ።

ቤታችን አዘዞ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ጊዜውም እንደሚያውቁት ነው። ማታ ማታ ጅቡም ሌባውም አይጠፋም። ባለቤቴ ውሻ ያስፈልገናል ሲል እኔም እሺ አልኩ። የባለቤቴ አባት ከትክል ድንጋይ አንድ ቡችላ በከረጢት ይዘው መጡ። ባለቤቴ ታሪክ ይወዳልና «ታጠቅ» አለው፣ በአፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ስም። ውሻ እንዲከፋ ከተፈለገ ሰው ማየት የለበትም ብለው ከማድቤቱ ጀርባ ባለችው ጨለማ ክፍል ሦስት አራት ወር ዘጉበት። ሥጋ ሲገኝ በሚጥሚጣ ለውሰው ይሰጡት ነበር። ካደገ በኋላ ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል።

እንግዲህ የሚያበላው ማን ነው? እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ፍርፋሪውን በሽሮ ቅሪት የማርሰው እኔ፣ የበዓል አጥንት የምለቃቅምለት እኔ፣ ውኃውን የምሞላው እኔ። ባለቤቴ አንድ ጣሳ ውኃ አቅርቦለት አያውቅም። ታጠቅ ግን እሱ በር ሲገባ ጆሮውን ጥሎ፣ ጭራውን በእግሮቹ መሃል ሸጉጦ መሬት ለመሬት ይሳብለታል። ለእኔ ደግሞ ጥርሱን ያሳየኛል። ልብስ ላሰጣ ባጠገቡ ሳልፍ ያጉረመርማል። ሳህኑን ላነሳ ስል ያጉረመርማል። ይሄ ግፍ አይደለም? ሰው ቢሆን ውለታ ቢስ ይባል ነበር።

ለባለቤቴ ስነግረው ይስቃል። «አንቺን የሚያይሽ ከበታቹ አድርጎ ነው፣ አለቃው ማን እንደሆነ አሳዪው» ይለኛል። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየኛል፤ አንድ ፈረንጅ ትልቅ ውሻ በጀርባው አጋድሞ ጉሮሮውን ይዞ ሲያስገብረው። እኔ ከልጅና ከጓዳ ተርፌ ከውሻ ጋር ትግል ልግጠም? ጎረቤቶቼም «የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» እያሉ ይስቁብኛል።

በመጨረሻ ባለቤቴ «ተይው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለና ባጉረመረመ ቁጥር በጎማ ይገርፈው ጀመር። እውነት ለመናገር ሠርቷል። ከጥምቀት ወዲህ ማጉረምረሙን ትቷል። አሁን ባጠገቡ ሳልፍ ድርቅ ብሎ በዓይኑ ጠርዝ ያየኛል እንጂ ድምፅ የለውም። ንቀቱ ግን አልለቀቀውም። ስጠራው ፊቱን ያዞርብኛል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አፉን ከፍቶ ያዛጋብኛል!

ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የሰባት ዓመቱ ልጄ ኳሱ ሳህኑ አጠገብ ተንከባላ ሊያነሳት ጎንበስ ሲል እጁን ጫር አድርጎታል። ብዙም አይደለም። ሁለት ጥርስ ነው ያረፈበት፣ ደሙም ወዲያው ቆሟል፣ በአልኮል ጠርጌ ቡና ነሰነስኩበት። ልጁም ረስቶታል። ባለቤቴ ግን ያን ቀን ውሻውን የደበደበው ድብደባ ለጠላትም አይሰጥ። ወጥቼ «ተው» አልኩት። መቼ ሰምቶኝ ያውቃል? ለነገሩ በዚህ ቤት እኔን የሚሰማ የለም፣ ውሻው ያንኑ ነው የተማረው።

እሑድ አማቴ ይመጣሉ። በስልክ ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ ሥጋ ይዘው ነው የሚመጡት። በሁዳዴ ሥጋ ለማን እንደሆነ ገባኝ። ምን እንደተደረገበትም ገባኝ። እንዳልሰማ ሆኛለሁ። ውሻውን አልወደውም እታለም፣ ግን ጠዋት ሳህኑን ይዤ ስወጣ የሚጠብቀው እኔን ነው። ዝም ልበል ወይስ ልከልክል? ዝም ካልኩ ኃጢአቱ የማን ነው?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከአዘዞ

መልስ

የኔ እህት፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ ስልኩን አስቀምጪና ልጁን ይዘሽ ጤና ተቋም ሂጂ። ዛሬ። የቀረውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

ሁለት ጥርስ የገባበትን፣ ደም የወጣውን የልጅ እጅ በሁለት መስመር አለፍሽው። የውሻውን ማዛጋት ግን በቃለ አጋኖ ጻፍሽልኝ! ታጠቅ ተከትቧል የሚል ቃል ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፣ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ከሚነከሱት ውስጥ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። በሽታው ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያልና «ልጁም ረስቶታል» የሚለው አያጽናናኝም። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ ነበረበት። አልኮሉ ደግ፣ ቡናው ግን ለጀበና ነው። ቀናት ቢያልፉም አሁንም አልረፈደም፣ እጠቢውና ሂዱ። ጠበልም እንደምትወስጂው አውቃለሁ፣ ውሰጂው፣ መርፌውን ግን አስቀድሚ።

የእሑዱን ጥያቄሽንም ይኸው ይመልሰዋል። ከልክዪ። ሰው የነከሰ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ለአሥር ቀን ታስሮ፣ እየበላ እየጠጣ ይታያል። በአሥሩ ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፣ ሐኪሙም የልጁን መርፌ ያቆም ይሆናል። ይህ ማለት መርፌው አሥሩን ቀን ይጠብቃል ማለት አይደለም፣ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። እናንተ ግን እሑድ ከገደላችሁት ስለ ልጃችሁ ሊነግራችሁ የሚችለውን አንድ ምስክር ቀበራችሁት። ደግሞስ የተመረዘ ሥጋ ግቢ ውስጥ ሲወድቅ ታጠቅ ብቻ ይብላው ብሎ ማን ያዘዋል? የጎረቤት ድመት አለ፣ አሞራ አለ፣ መሬት የነካውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን አለ።

አሁን ወደ ውሻው። ከልጁ እጅ ቀጥሎ ያስደነገጠችኝ «እውነት ለመናገር ሠርቷል» ያልሻት ነች። ምኑ ነው የሠራው?

ውሻ ሲጨንቀው ወዲያው አይናከስም። መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል። ያዛጋል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት። ከንፈሩን ይልሳል። ከዚያ ሰውነቱ ድርቅ ይልና የዓይኑ ነጭ እየታየ በጠርዝ ያያል። ይህም ካልገባሽ ያጉረመርማል። ንክሻ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንቺ ንቀት ብለሽ የጻፍሽልኝ ፊት ማዞርና ማዛጋት የፍርሃት ነው፤ «እባክሽ አትቅረቢኝ» እያለሽ ነው፣ በትሕትና። ማጉረምረሙ ደግሞ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነበር። ባልሽ በጎማ የነጠቀው እሱን ነው። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ጨምሯል፣ ድምፁ ብቻ ጠፋ። ልጅሽ ኳሷን ሊያነሳ ሲጎነበስ የበፊቱ ታጠቅ ቢሆን ያጉረመርምና ልጁ ደንግጦ ይሸሽ ነበር። ለማጉረምረም ግርፋት የተከፈለው ውሻ ግን ዝም ብሎ ነከሰ። ጎረቤቶችሽ የሚጮኽ ውሻ አይናከስም አሉሽ? መጮኽ የተከለከለው ሲናከስ እነሆ አያችሁ።

ሳህኑን ስታነሺ ማጉረምረሙም እርጉም ስለሆነ አይደለም። በቀን አንዴ የሚበላ፣ አንገቱ በሰንሰለት የተያዘ ፍጡር ነው፣ ያለችው ያቺው ሳህን ነች። ያልታሰረ ውሻ ሲፈራ ይሸሻል። የታሰረው ወዴት ይሽሽ? የቀረው ጥርሱ ነው።

ባልሽ የሚያሳይሽን ቪዲዮ በተመለከተ ትንሽ ልቆጣ። ያ «አለቃ ሁንበት» የሚሉት ነገር ከየት እንደመጣ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል የሚባል ተመራማሪ በስዊዘርላንድ ባዝል መካነ እንስሳት ታጉረው የነበሩ ተኩላዎችን አጥንቶ ስለ ሥልጣን ሽኩቻቸው ጻፈ። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሚች ይህንኑ ሐሳብ በ1970 መጽሐፉ አስፋፋው። ቆይቶ ሚች ራሱ ካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ ዱር ያሉ ተኩላዎችን ዓመት ከዓመት እየሄደ ሲያይ መንጋው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ሆኖ አገኘው። መሪዎቹ ወላጆች ስለሆኑ ነው የሚመሩት። በ1999 ይህንን ጻፈ፣ የድሮ መጽሐፉም እንዳይታተም አሳታሚውን ሲለምን ኖረ። ሰውየው የተወውን ነው ባልሽ አዘዞ ላይ በጎማ የሚያስፈጽመው። ሩቅ አገር ምን አስኬደኝ፣ እዚሁ ሰሜን ተራሮች ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎቻችንም በቤተሰብ ነው የሚኖሩት፣ የአንዷን እናት ግልገሎች መንጋው ሁሉ እየመገበ ያሳድጋል። (እግረ መንገዴን፣ እነሱንም ከሚፈጁት አንዱ ካልተከተበ ውሻ የሚሻገር ይኸው በሽታ ነው። በአገር ደረጃ የቀሩት ጎልማሶች 500 ያህል እንኳ አይሞሉም። የታጠቅ ክትባት ደባርቅ ድረስ የሚሄድ ጉዳይ ነው።)

ለባልሽ መሬት ለመሬት መሳቡ አክብሮት መስሎሽ ቀናሽ። አትቅኚ። እየፈራው ነው። «ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው» የሚል ሰውም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል ተመራማሪ ይህን በ14 ውሾች ፈትናዋለች። ውሻው የተከለከለውን ምግብ ይብላ አይብላ፣ ያ አንገት መድፋትና ጆሮ መጣል የሚመጣው ባለቤቱ ሲቆጣው ነው። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ የተቆጡት የበለጠ አቀረቀሩ። የሚያነቡት የእኛን ፊት ነው።

እውነቱን ልንገርሽና ታጠቅ እንግዳ ተቀባይ ውሻ አይሆንም። ቡችላ ሰውን፣ ልጅን፣ ጫጫታን የሚለምደው ከሦስት ሳምንት ዕድሜው እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። እናንተ ያንን ጊዜ ማድቤት ጀርባ ዘጋችሁበት። ሌባ ሲመጣ ለመጮኽ ውሻ ጨለማም ሚጥሚጣም አያስፈልገውም። በፍቅር ያደገ ውሻም ባዕድ ሰው በሌሊት አጥር ሲነቀንቅ ግቢውን ያናውጠዋል።

ከአሥሩ ቀን በኋላ እንዲህ አድርጊ። አስከትቢው፤ ዩኒቨርሲቲያችን የእንስሳት ሐኪም የሚያስተምር ነው፣ በከተማችን አዋቂ አይጠፋም። አንገቱንም ይዩልሽ፣ ቀን ሙሉ ሰንሰለት የሚፈትገው አንገት ሥሩ ተልጦ ቆስሎ ከሆነ ስትጠሪው ለምን እንደማይመጣ ይገባሻል። ከግቢው ጥግ እስከ ጥግ ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱን እዚያ ላይ አንጠልጥሉለት፣ እንዲሄድ፣ ጥላም እንዲያገኝ። ከልጆቹ ጋር ለብቻው አይተው፣ ኳስም በዚያ በኩል አይጫወቱ። ሳህኑን ደግሞ እየበላ አታንሺበት። ይልቅ ስታልፊ ድርቅ የማይልበትን ርቀት ጠብቀሽ አንድ የምትጣፍጠው ቁራሽ ወርውሪለትና ሂጂ። አትጠጊው፣ አታሻሺው። ሳምንታት ይፈጃል፤ እየቆየ ግን አንቺ ስትመጪ የሚቀማው ሳይሆን የሚጨመርለት ነገር እንዳለ ይለምዳል። ሁዳዴ ነው ብለሽ እንዳትሰስቺ፣ ውሻ አይጾምም።

ቢያጉረመርም ደስ ይበልሽ። ቆም በይና ወደ ኋላ ተመለሺ። ጎማው ግን ከግቢው ይውጣ። ፖርቱጋል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት 92 ውሾች ታይተው፣ በቅጣት የሚሠለጥኑት ምግብ እየተሰጣቸው ከሚሠለጥኑት ይልቅ የበዛ የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል፣ የጭንቀት ሆርሞናቸውም ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የተጨነቀ ውሻ ደግሞ ልጅ ባለበት ግቢ አይፈለግም።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሐኪሙ «ከልጅ ጋር አይሆንም» ካለሽ፣ ሳልወድ የምለው ነው፣ የሐኪም መርፌ አለ፣ ያለ ሥቃይ የሚያሳርፍ። በሥጋ የተጠቀለለ መርዝ እያሠቃየ ነው የሚገድለው።

ኃጢአቱን ለንስሐ አባትሽ አቅርቢው። እኔ የማውቀው እሑድ ምን እንደምትዪ ነው። በዚህ ቤት የሚሰማኝ የለም ብለሻል፣ እንግዲያው ያንቺን ቃል አትጠቀሚ። አማትሽን በር ላይ ተቀበያቸውና «አባባ፣ ልጁ መርፌ ጀምሯል፣ ሐኪሙ ውሻው ለአሥር ቀን በሕይወት ይታይ ብሏል» በያቸው። የልጅ ልጃቸው ነው፣ እሺ ይላሉ። ሥጋውን በጓንት ተቀበያቸውና ልጆቹም ውሾችም በማይደርሱበት በጥልቁ ቅበሪው። ለባልሽ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አስነብቢው፤ ቪዲዮውን እሱ ካሳየሽ ይህን አንቺ ብታሳዪው ምን አለበት።