«ይቆይ» ይላል ወረቀቱ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፈ ዛሬ 19 ቀኑ ነው። አርባው ሳይደርስ አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ልንገርዎት።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። የጻፈው ትልቁ ወንድሜ ነው። የትውልድ ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ፣ «በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ለ31 ዓመት አገልግለው በጡረታ የተገለሉ»፣ «ደግ፣ ሩህሩህና ሰው አክባሪ የነበሩ»። አለቀ። ስለ እጁ አንድ ቃል የለም! ሰፈሩ ግን አባቴን በመዝገብ ቤት አያውቀውም። ከቢሮ ሲመጣ ኮቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ይገባል። ከዚያ እራት እስኪደርስ የለም። ካውያ፣ ሬዲዮ፣ የልጆች ብስክሌት፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ ያልሠራው ነገር የለም። የዶሮውን ቤት የሠራው እሱ ነው። እስከ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁበትን ጠረጴዛም። ገንዘብ አይቀበልም። ቡና ካፈሉለት ይበቃዋል።

ወንድሜን «ለምን ዘለልከው?» ስለው፣ «በሰው ፊት አባቴ ቀጥቃጭ ነበር ልበል?» አለኝ።

ክፍሉን ስንከፍት ያልተጠገኑ 7 ዕቃዎች አገኘን። የመዝገብ ቤት ልማድ አይለቅም፤ እያንዳንዱ ላይ ወረቀት በክር አስሯል። ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ ከዚያ «በሽታው»። «3። ካውያ። የሻይ ቤቷ። ገመዱ ከአንገቱ ተቆርጧል።» ቁጥር 5 የእድራችን ጥሩንባ ነው። አፉ ተሰንጥቆ በስታኞ ሊበይደው ነበር ያመጣው። እናም አባቴ ሲሞት ጥሩንባ ነፊው በር ለበር እያንኳኳ ለፈፈ። ቁጥር 6 የጎረቤት አሮጌ ቴሌቪዥን ነው፣ ያ ትልቅ ሆድ ያለው። ቁጥር 7 የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ወረቀቱ ላይ «ይቆይ» ብቻ ይላል። ሁለት ዓመት ቆየ። እናቴ እስከ ዛሬ እንጀራ የምትገዛው ከሱቅ ነው።

ወንድሞቼ መሣሪያውን ሁሉ ለቁራሌው እንስጠው ይላሉ። እናቴ ደግሞ የሳጥኑን ቁልፍ መቀነቷ ላይ ቋጥራ አላስነካም ብላለች። ምን እናድርገው? በአርባው ላይ እንድናገር ፈቅደውልኛል። ምንስ ልበል?

ልጁ ነኝ፣ ከጉለሌ

መልስ፦ ልጄ፣ ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናሽ። ጥሩንባው ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ቆየሁ።

ወንድምሽን ብዙ አትቆጪው። ሐፍረቱን ራሱ አላመጣውም፣ ተወርሶ የመጣ ነው። እኔ ባደግሁበት አገር ሰው ማረሻውን ባለእጁ ዘንድ አሠርቶ ሲያበቃ፣ ቡዳ ነው ብሎ ልጁን ከዓይኑ ይሸሽግ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ የተማረ ልጅ «አባቴ ዕቃ ይጠግን ነበር» ማለት አቃተው። አዋጁ እስካሁን እናንተ ቤት አልደረሰም ማለት ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አጎቴ እንደ አባትሽ ያለ ሰው ነበር። «ካቻቢቴ አቀብለኝ፣ ፒንሳ አምጣ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ትራፓኖ፣ ሁሉም የጣልያን ቃል መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። አጎቴም የሚያውቅ አይመስለኝም፣ አማርኛ ነበር የሚመስለው። የጎበጠ ምስማር አይጥልም። ድንጋይ ላይ ያጋድመውና በመዶሻ ቀስ እያለ እያንከባለለ ያቃናዋል። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጫፉን ነካ አድርጎ ኒዶ ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። ቂው ይላል። ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሲሞት ልጆቹ ሳጥኑን እንዳለ በኪሎ ሸጡት። እዚያው ቆሜ ነበር፣ ምንም አላልኩም። በኋላ ቆጨኝና ምናለሽ ተራ ወርጄ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መዶሻውን ፈለግሁ። እጀታው ላይ የብስክሌት ጎማ ቁራጭ ስለጠቀለለበት ባየው አልስተውም ነበር። አላገኘሁትም።

ስለዚህ ለቁራሌው የሚባለው ይቅር። ሳጥኑም አሁን አይከፈት። እናትሽ ቁልፉን ራሷ ትፍታው፣ ከአርባው በኋላም ቢሆን፣ ከዓመቱ በኋላም ቢሆን። ሲከፈት ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውንና ቴስተሩን ለቤት አስቀሩ። ሞርሳውና ትራፓኖው ግን ተቀምጠው ከሚዝጉ ለሚሠራባቸው ይሰጡ። የዚያ ክፍል በር ላይ ቆሞ ሲያይ የሚያመሽ የሰፈር ልጅ መቼም አይጠፋም። እናትሽን ጠይቂያት፣ ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ዕቃዎቹን ደግሞ ከአርባው በፊት መልሺ። የካውያው ገመድ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለሚያውቅ ሰው ከፍለሽ አሠሪው። ጥሩንባውንም እንዲሁ። እድሩ ለሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ቴሌቪዥኑን ግን ማናችሁም እንዳትከፍቱት። የዚያ ዓይነቱ ቴሌቪዥን ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። እንዳለ ለባለቤቱ ይመለስ።

ስትመልሺ ልጅ አትላኪ፣ ራስሽ ሂጂ። ዕቃውን ከነወረቀቱ ስጪና «አባቴ ሌላስ ምን ሠርቶልሽ ያውቃል?» በይ። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ። ሻይ ቤቷ ብቻዋን ግማሽ ደብተር ትሞላልሻለች። በአርባው ላይ የምታነቢው እሱን ነው። «ደግ» የሚለውን ቃል አንዴም አታንሺ፣ እሱን ወንድምሽ ጽፎታል። አንቺ ካውያውን ተናገሪ፣ ጠረጴዛውን ተናገሪ። ወረቀቶቹን እንዳሉ አንብቢ፣ ከነ«በሽታው»። ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ከቻልሽ ደግሞ አንዱን ወረቀት ወንድምሽ እንዲያነብ ስጪው።

ምጣዱን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሥራ ስላለበት ነው። ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ወንድሞችሽ በቀጭን ገመድ እንዳይሞክሩት። ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ የተጠመዘዘ ሽቦ ይነጠፍና በጀሶ ይመረጋል። ሽቦው ሲበጠስ ብዙ ሰው የተቃጠለውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን ይቀጥለዋል። ለጊዜው ይሠራል። ግን ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ይበዛል፣ ይበልጥ ይግላል፣ እንደገና ይበጠሳል። አባትሽ ይህን ሳያውቁ አይቀሩም። ለጎረቤት ቢሆን ቀጥለው ይሰጡ ነበር፤ ለሚስታቸው ግን ሙሉ አዲስ ሽቦ ሊገዙ አስበው ይሆናል «ይቆይ» ያሉት። ወይም በቃ ረስተውታል። በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይልቅ እናትሽ ትፍረድ።

ለማንኛውም ሙሉ ሽቦ ግዙና የሚያውቅ ሰው ያንጥፈው። የተዝካሩ እንጀራ በሱ ይጋገር። ወረቀቱን ግን ከምጣዱ ስትፈቺ እንዳትጥዪው፤ ለእናትሽ ስጫት፣ ከቁልፉ ጋር ትቋጥረው።