«ላግራንዣዊ ቅንጣት» ወይስ «የላግራንዥ ቅንጣት»?

ጥያቄ፦ የፈሳሽና የጋዝ ፍሰትን በኮምፒውተር ለሚያስመስለው ሶፍትዌር፣ ለኦፕንፎም፣ ለተማሪዎቼ ማስተማሪያ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ናፍጣ ሞተር ውስጥ ሲረጭ የሚያስመስለው ክፍል ላይ «ላግራንጂያን ፓርቲክል ዲፋይን ማድረግ» የሚለውን «የላግራንዥን ቅንጣት መበየን» አልኩት። ባልደረባዬ ግን አልተዋጠለትም። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ «ቅንጣት» መልካም ነው፤ አይንኩት። የሚያስቸግሩት ግራና ቀኙ ያሉት ቃላት ናቸው።

«የላግራንዥ ቅንጣት» ሲባል አንባቢ ላግራንዥ ያገኘው የቅንጣት ዓይነት ያለ ይመስለዋል። የሒሳብ ሊቁ ጆሴፍ ሉዊ ላግራንዥ (1736–1813 እ.ኤ.አ.) ስሙን የሰጠው ፍሰትን ለማየት ለሚያገለግል አንድ የአተያይ መንገድ ነው። ወንዝ ዳር ቆሞ ከፊቱ የሚያልፈውን ውሃ ፍጥነት የሚለካ ሰው በሌላው የሒሳብ ሊቅ በኦይለር መንገድ ያያል፤ ታንኳ ላይ ወጥቶ ከውሃው ጋር የሚወርደው በላግራንዥ መንገድ ያያል። እርስዎ በሚያስተምሩት ስሌት ሁለቱም አሉ፤ አየሩ በቋሚ መረብ ላይ ይሰላል፣ የናፍጣው ጠብታ ግን በሄደበት ዱካውን ይከተሉታል። ስለዚህ «ላግራንዣዊ ቅንጣት» ይበሉ። «-አዊ» ወገንንና ዓይነትን ያመለክታል፤ «ማርክሳዊ» እንደምንለው ማለት ነው። «ላግራንጂያን» የእንግሊዝኛውን ቅጽል ከነቅጥያው መውሰድ ነው፤ አማርኛ የራሱ ቅጥያ እያለው ምን አስፈለገ?

«መበየን» ላይ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ብያኔ «ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። ተማሪው ለሶፍትዌሩ መረጃ በሚሞላበት ፋይል ውስጥ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ የጠብታውን ዲያሜትርና እፍግታ፣ የሚረጭበትን ቦታና ፍጥነት ይሞላል፤ አየሩ የሚጎትትበት ኃይል በየትኛው ቀመር እንደሚሰላ ይመርጣል። ይህ መወሰን ነው። «የላግራንዣዊ ቅንጣቶችን ባሕርይ መወሰን» ቢሉት ሥራውን በትክክል ይናገራል።

ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር፤ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ሶፍትዌሩ ጠብታዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ማስላት ስለሚከብደው፣ የሚመሳሰሉትን ሰብስቦ «ፓርስል» በሚለው አንድ ነገር ያሰላቸዋል። ይህን «እሽግ» ካሉት ጠብታዎቹ የተጣበቁ ያስመስላል። እኔ «ወካይ ቅንጣት» እላለሁ፤ «አንድ ወካይ ቅንጣት ብዙ ጠብታዎችን ይወክላል» ሲባል ተማሪው ስክሪን ላይ የሚቆጥረው የጠብታዎቹ ብዛት እንዳልሆነ ይገባዋል።

ፋይሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያነባቸውን ስሞች ግን እንዳሉ ይተዋቸው፤ አንዲት ፊደል ከተለወጠች ፕሮግራሙ አይቀበላቸውም። ትርጉማቸውን ከጎን በአማርኛ ያብራሩ።